ክዳኑ ክፍት ሳለ

የመኪና ማሻገሪያው ጀልባ ወንዙ መሀል ሲደርስ አንዴ ተንገጫገጨና የሞተሩ ድምፅ ቀጥ አለ። መጀመሪያ ማንም ከቁም ነገር አልቆጠረውም። ሞተሩ ከዳር ጀምሮ ጆሮ ሲያደነቁር ስለነበር ዝምታው እንደ እረፍት ተወሰደ። ትንሽ ቆይተው ዙሪያቸውን ሲያዩ ግን ውሃው ይሄዳል፣ እነሱ ቆመዋል።

ሰው ሁሉ ወደ ሞተሩ ሲያይ በረዶ ያየችው ሳጥኑን ነው።

በረዶ የሚለውን ስም ያወጡላት የምትሠራበት ሆቴል ሠራተኞች ናቸው። ከልጅነቷ ጀምሮ እጇ ከበረዶ አይለይም፣ ደግሞም ዝምተኛ ናት። ዛሬ ይዛው የመጣችው የበረዶ ሳጥን ከመጡበት ሚኒባስ ጀርባ፣ መኪናው በጣለው ጥላ ውስጥ ተቀምጧል። ውጪው ሰማያዊ፣ ክዳኑ ነጭ፣ ግራና ቀኙ ላይ እጀታ ያለው፣ ለሁለት ሰው ሸክም የተሠራ ሳጥን ነው። ጥላው አሁን ይበቃዋል። ጀልባው ባለበት ከቆመ ግን ፀሐይዋ ትዞራለች፣ ጥላውም ተስቦ ይሄዳል። ይህን አሰበችና ጆንያ ወንዙ ውስጥ ነክራ ክዳኑ ላይ አለበሰችው።

ሳጥኑ ውስጥ ያለው የእጮኝነት ግብዣ ነው። ትናንት ባዶውን ሳጥን በበረዶ ሞልታ አሳድራዋለች፣ ግድግዳው ራሱ እንዲቀዘቅዝ። ጠዋት ያንን ደፍታ እንደ አዲስ ጫነችው። ከታች ትልልቅ የበረዶ ግግር፣ በላዩ በደንብ የታሸገው ዓሣ፣ ከዚያ አይብና ጭማቂ፣ ከላይ በቆርቆሮ ሣጥኑ ውስጥ ያለው የክሬም ኬክ። በየመሀሉ አየር እንዳይቀር የተሰባበረ በረዶ ጠቅጥቃበታለች። ቅዝቃዜ ወደ ታች ነውና የሚወርደው፣ በመጨረሻ ሁሉንም በበረዶ ሸፈነች። በሙያዋ የምትኮራበት አጫጫን ነበር። የማን ግብዣ እንደሆነ እያወቀች እጇ አንዲት ስህተት እንኳ አለመሥራቱ ግን ራሷን አስገርሟታል።

የእጮኝነቱ ባለቤት ቀያሹ ነው፤ መሬት እየለካ አገር የሚያዳርሰው፣ የሆቴሉ ባለቤት የእትዬ አንድ ልጅ።

"ካፒቴን! ምን ተፈጠረ?" አሉ ጋሼ። የእትዬ ወንድም ናቸው፤ ወፍራም፣ ሳቂታ፣ ዝም ማለት የማይችሉ።

"ገመዱን የሚስበው ሞተር ደከመው" አለ ካፒቴኑ፣ እጁን በጨርቅ እየጠረገ።

"ሞተር ደግሞ ይደክመዋል እንዴ?"

"ከእኔ ጋ ባንድ ቀን የተቀጠረ ነው፣ ጋሼ። እኔም ደክሞኛል።"

"ቀልዱን ተወውና፣ መቼ ነው የምንሻገረው?"

ካፒቴኑ ወደ ማዶ አገጩን ቀሰረ። "መለዋወጫው ከዚያ ይመጣል። ይዛው የምትመጣው ትንሿ ጀልባ ናት፤ እሷ ደግሞ ይህ ደራሽ ውሃ ካልረገበ አትደፍርም። እስከዚያ አለን።"

ውሃው ቡናማ ነበር። ከላይ አገር የዘነበው ዝናብ ግንድና ቅጠል እየገፋ ያመጣል። ፊት ለፊት፣ በማዶው ዳር፣ ድንኳን ተተክሏል። የታጨችው ልጅ አባት፣ የዘይት ፋብሪካው ባለቤት፣ ከነቤተሰቡ እንግዶቹን እየጠበቀ ነው። ከዚህ ሆኖ ፊታቸው አይለይም፤ እጃቸውን ሲያወዛውዙ ግን ይታያል።

"አውለብልቡላቸው እንጂ! ምን ትገተራላችሁ?" አሉ እትዬ፣ ራሳቸው በሻርፓቸው እያውለበለቡ። "አንተም ልጄ፣ እጅህን አንሳ። አንተን ነው የሚያዩት።"

ቀያሹ እጁን አነሳ። ሱፉ አዲስ፣ ጥቁር፣ ትከሻው ላይ ትንሽ ጠበቅ ያለ ነው። ያነሳውን እጅ የት እንደሚያወርደው የጠፋው ይመስል ጥቂት አቆየውና መልሶ ኪሱ ከተተው። በረዶ ይህን ሁሉ ያየችው ቀና ሳትል ነው። አንድን ሰው ቀና ሳይሉ ማየትን ለዓመታት ተለማምዳዋለች።

አባቷ የሆቴሉ በረዶ ሠሪ ነበር። እሱ ሲሞት እትዬ "ከእኔ ጋር ታድጋለች" ብለው አስቀሯት፤ አስተማሯት፣ አለበሷት፣ ሲያማት አጠገቧ አደሩ። ቤተሰብ ናት። ነገር ግን ቤተሰቡ ለምሳ ሲቀመጥ እሷ ትቆማለች። ዛሬ ጠዋትም ሳጥኑን ልትጭን አንዱን እጀታ ይዛ ሁለተኛ ሰው ስትጠብቅ፣ ቀያሹ መጥቶ ሌላኛውን ሊይዝ ጎንበስ ብሎ ነበር። እትዬ ከመኪናው መስኮት "ሱፍህ ይበላሻል! ተወው፣ እሷ ትችለዋለች" አሉ። ጣቶቹ እጀታውን ነክተው ተመለሱ። እሷም እየጎተተች አወጣችው።

ትችለዋለች። ይህችን ቃል ስትሰማ ነው ያደገችው። ሰው ሲያመሰግናትም ሲጭንባትም በእሷው ነው።

*

ፀሐይዋ እየከረረች ሄደች። ጀልባው ላይ ከእነሱ ሌላ ሽንኩርት የጫነ መኪና ከነሾፌሩ፣ እንዲሁም ሕፃን ያቀፈች ሴት ነበሩ። የብረቱ ወለል በጫማ ሶል ውስጥ እያለፈ እግር ያቃጥላል። ወዲህ ቢኬድ ውሃ፣ ወዲያ ቢኬድ ውሃ። ሰው ከሚኒባሱ ወደ ሽንኩርቱ መኪና፣ ከዚያ ተመልሶ ወደ ሚኒባሱ ይመላለስ ጀመር።

ለመንገድ የተያዘችው ትንሿ ሳጥን፣ ገና ለመሻገር ወረፋ ሲጠብቁ ተጋምሳ ነበር። በረዶ ልትከፍታት ስትንበረከክ ጋሼ መጥተው አጠገቧ ቁጢጥ አሉ።

"ለመሆኑ ስንት ጠርሙስ ቀረን?" አሉ።

ክዳኑን አነሳችው። አልመለሰችም።

"ያኛውስ፣ ትልቁ፣ ይህን ሁሉ ፀሐይ ይችለው ይሆን?"

እጇ ገባ። ጠርሙስ አወጣ።

"አንቺ፣ ዛሬ ደግሞ ማን አስቀየመሽ? ሰው ሲያናግርሽ!"

ጠርሙሱ የነበረበትን ክፍተት በተረፈው በረዶ ሞላችው፣ ጨርቁን አስተካከለች፣ ክዳኑን ገጠመችው፤ ጠቅ አለ። ጋሼ ተቀይመው ወደ እህታቸው ዘወር ሊሉ ሲሉ ነው ቀና ያለችው።

"ሦስት ጠርሙስ ቀርቶናል፣ ጋሼ። ትልቁ ካልተከፈተ እስከ ነገም ይቆያል፤ ከተከፈተ ግን ቃል አልሰጥም። ያስቀየመኝ ሰው የለም።"

ጋሼ አፋቸውን ከፍተው አዩዋትና ሳቃቸው ፈነዳ። "በተርታ! በጠየቅኋት ተርታ እኮ ነው የመለሰችልኝ! ታዲያ ቅድም ምን ዘጋሽ?"

"ክዳን ከፍቼ አላወራም" አለች። "አባቴ ነው እንደዚያ ያስለመደኝ፤ በረዶ ቤት ውስጥ፣ ልጅ ሆኜ። ሰው እያወራ ከሆነ እጁ ይዘገያል፣ ፊቱን ያዞራል፣ ቅዝቃዜው አምልጦ ያልቃል ይለኝ ነበር። መጀመሪያ ዝጊ፣ ከዚያ መልሺ።"

"እና እስከ ዛሬ?"

"አሁንማ ልናገር ብልም አይሆንልኝም። ክዳኑ ካልተዘጋ አፌ አይላቀቅም።"

ከኋላቸው አንድ ነገር ወለሉ ላይ ወደቀ። ቀያሹ የያዘው ባዶ ጠርሙስ ነበር። እየተንከባለለ ሄዶ ከሽንኩርቱ መኪና ጎማ ጋር ተጋጨ። እሱ አላነሳውም። አፍጥጦ በረዶን ያያል፤ ሰው የረሳውን ነገር ድንገት ሲያስታውስ እንደሚያይ ሳይሆን፣ ሲያስታውሰው የኖረውን ነገር እንደገና ሲያይ እንደሚያይ።

በዚህ ጊዜ ወደ እሱ ቀና አለች። ዓይን ለዓይን ተገጣጠሙ። ምን እያሰበ እንደሆነ ወዲያው ገባት፣ እሷም ከዚያ ቀን ወጥታ አታውቅምና።

ያ ቀን ባለፈው ዓመት የሙቀት ወራት፣ በሆቴሉ ጓሮ ነበር። ትልቅ ትእዛዝ ነበረባት። ሳጥኑ አፉን ከፍቶ፣ ዓሣው ተደርድሮ፣ እሷ እስከ ክርኗ በረዶ ውስጥ ገብታ ሳለ ከጀርባዋ መጥቶ ቆመ። ጀርባዋን ማናገር ሳይቀለው አልቀረም፣ ሳያቋርጥ ተናገረ። ለረጅም ሥራ ሩቅ እንደሚሄድ፣ ከልጅነቱ ጀምሮ ከእሷ ሌላ ሰው አስቦ እንደማያውቅ፣ እናቱን እሱ እንደሚያሳምን ነገራት። "አንቺ ፈቃድሽ ከሆነ አገባሻለሁ" አለ። "ፈቃድሽ ነው?"

መዞር ፈለገች። ነገር ግን ሁለት ረድፍ ብቻ ነበር የቀራት፤ ፀሐይዋ ደግሞ ዓሣው ላይ ነበረች። ሞላች፣ ጠቀጠቀች፣ ሸፈነች፣ ክዳኑን ገጠመች። ከዚያ ሙሉ ፊቷ ሳቅ ሆኖ ዞረች።

ጓሮው ባዶ ነበር። እስከ በሩ ሮጠች፤ መኪናው ያስነሳው አቧራ ብቻ ቆሞ ነበር።

ከዚያ በኋላ ጠበቀች። አንዴ የጠየቀ ሰው እንደገና ይጠይቃል ብላ። ሳምንታት ሲያልፉ፣ ያን ቀን የተናገረውን ተጸጽቶበት ጥሏት እንደሄደ ለራሷ ነገረች። የቤቱ ልጅ ነው፤ እሷ የበረዶ ሠሪው ልጅ ናት፤ ተጸጸተ፣ አለቀ። ደውላ ልትጠይቀው እንዴት ትችላለች? እሱ ሲመለስ ደግሞ ዓይኗን አላየም። ቀጥሎ የሰማችው የፋብሪካው ባለቤት ልጅ ለእሱ መታጨቷን ነው።

*

ጋሼ ወደ ካፒቴኑ ሲሄዱለት ቀያሹ መጣና ከትልቁ ሳጥን ወዲያ ማዶ ወለሉ ላይ ተቀመጠ። ሱፉን አላሰበም። በመሀላቸው ነጩ ክዳን ነበር።

"ያን ቀን" አለ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "ክዳኑ ተከፍቶ ነበር።"

"ተከፍቶ ነበር።"

"እኔ ጀርባሽን አይቼ ነው የሄድኩት። ሰው ይህን ያህል ሲነገረው ዞር እንኳ ካላለ መልሱ ይኸው ነው ብዬ።" ፊቱን በሁለት እጁ ጠረገ። "በረዶ ቤት እኔን አያስገቡኝም ነበር። አባትሽ ምን እንደሚያስተምርሽ በምን ላውቅ?"

"አታውቅም።"

"ንገሪኝ እስቲ። ክዳኑን ዘግተሽ ስትዞሪ ምን ልትዪኝ ነበር?"

እጇን እርጥቡ ጆንያ ላይ አሳረፈች። ልትነግረው ነበር። ከቀያሹ ትከሻ በላይ ግን ድንኳኑ ይታያል። አንዲት ሰው ከድንኳኑ ወጥታ ጥላ ዘርግታ ውሃው አፋፍ ድረስ መጥታለች። ነጭ ለብሳለች።

"አሁን ምን ያደርግልሃል?" አለች። "ዞረህ እይ። ቆማ እየጠበቀችህ ነው።"

አልዞረም። "ሁለት ጊዜ ነው ያየኋት። ሁለቱንም ጊዜ እናቶቻችን ነበሩ የሚያወሩት።"

"እሷ ግን ጥላ ይዛ ፀሐይ ላይ ቆማለች።"

"አንቺስ የት ነው የቆምሽው?"

ጆንያውን ክዳኑ ላይ አስተካከለች። "ልጄ!" አሉ እትዬ ከሚኒባሱ በር። "ተነስ ከዚያ፣ ወለሉ ዘይት ነው። ወዲህ ና፣ ጥላው እዚህ ይሻላል።"

ተነሳ። ሲሄድ አየችው፣ ጀርባውን። ጀርባ ምን ያህል እንደሚዋሽ ያን ጊዜ ገባት።

ጥቂት ቆይተው እትዬ ራሳቸው መጡ። ከሳጥኑ አጠገብ ቆመው ወንዙን እያዩ፣ እሷን ሳያዩ ተናገሩ።

"ሌላ ሰው አጥቼ አይደለም ዛሬ አንቺን ያመጣሁሽ።"

"እትዬ?"

"ያን ቀን ፎቅ ላይ ነበርኩ። መስኮቱ ክፍት ነበር። ሲጠይቅሽም፣ ሲሄድም አይቻለሁ። ስትሮጪም አይቻለሁ።" ድምፃቸው አልተቆጣም፤ ደክሞ ነበር። "ዝም አልኩ። አላስታረቅኩም፣ አላጣላሁም። ነገሩ በራሱ ካለቀ ይሻላል አልኩ። ዛሬ ደግሞ አንቺም በዓይንሽ አይተሽ እንዲወጣልሽ ብዬ ነው።"

በረዶ ዓይኗን ወደ ሳጥኑ መለሰች። ክዳኑ ተዘግቷል፣ አፏም ተዘግቷል።

"እናት ሆኜሻለሁ ብዬ አልመጻደቅም፤ የምችለውን ግን አድርጌያለሁ። አንድ ነገር ነው የምለምንሽ፤ ይህቺን ቀን በሰላም አሳልፊልኝ። ያንን ሳጥን እንዳለ እዚያ ማዶ አድርሺልኝ። ባዶ እጄን ደጃቸው አልቆምም።"

"እሺ፣ እትዬ" አለች።

እሺ ከማለት ሌላ ምን ይባላል? ስትታመም አጠገቧ ያደሩ ሴት ናቸው። ግራ ቢዞሩ ውሃ፣ ቀኝ ቢዞሩ ውሃ፤ ፊት ለፊት ድንኳን። እሷም እንደ ዓሣው ታሽጋ፣ ዙሪያዋን ተጠቅጥቃ፣ የምትላወስበት አንዲት ቀዳዳ አልቀረችላትም።

*

ጥላው ሳጥኑን ለቀቀው። ጎትታ ልታስጠጋው ሞከረች፤ የሚያስጠጉበት ቦታ አልነበረም። ሻርፗን አውልቃ ነክራ ደረበችለት፣ ሲደርቅ እንደገና ነከረች። ራሷ ፀሐይ ላይ ቆመች።

ከትንሿ ሳጥን የመጨረሻዎቹ ጠርሙሶች ወጡ። አንዱን የሽንኩርቱና የሚኒባሱ ሾፌሮች ተካፈሉት፣ አንዱን ጋሼና ቀያሹ፣ ሦስተኛው ለእትዬ ተሰጠ። እትዬ ጠርሙሱን ተቀብለው ሳይከፍቱ ሕፃን ላቀፈችው ሴት ሰጧት።

"እርስዎስ፣ እናቴ?" አለች ሴትዮዋ።

"እኔ ማዶ ስደርስ እጠጣለሁ።"

"እዚያኛው ሳጥን ውስጥ የለም እንዴ?" አለ የሽንኩርቱ ሾፌር፣ ላቡን እየጠረገ። "ከጠዋት ጀምሮ ጆንያ ስታለብሺው አያለሁ። ታማሚ ነው?"

"የሰው አደራ ነው" አለች በረዶ።

"አደራውም እኮ ከእኛው ጋር ታግቷል" አሉ ጋሼ። ማንም አልሳቀም።

"ካፒቴን፣ አንተ እንኳ ውሃ አትይዝም?" አለ ሾፌሩ።

"ይዤ ነበር፣ ወንድሜ። እኔ ለመሻገር እንጂ ለመኖር አልመጣሁም።"

እትዬ ከሚኒባሱ ወርደው ቆሙ። ማዶ ያሉት ሰዎች እንደገና እጃቸውን እያወዛወዙ ነበር፤ እሳቸውም ሻርፓቸውን አነሱ። አንዴ አውለበለቡ። ሁለተኛ ሲያነሱት እጃቸው መንገድ ላይ ቀረ፣ የሚኒባሱን በር ይዘው ቁልቁል ተንሸራተቱ።

"እማዬ!" ቀያሹ ደርሶ ደገፋቸው። ፊታቸው ቀልቷል፣ ከንፈራቸው ደርቋል፣ ዓይናቸው ተከፍቶ አያይም። "እማዬ፣ ስሚኝ! ውሃ! ማን ነው ውሃ ያለው?"

ከማዘዟ በፊት እጇ ታዘዘ። በረዶ ጆንያውን ገፈፈች፣ ሻርፑን አጠገቧ ጣለች፣ የክዳኑን መቆለፊያዎች ከፈተች። ነጩ ክዳን ወደ ኋላ ሄደ። ቅዝቃዜው ወጥቶ ፊቷን ነካት፤ ከሰዓታት በኋላ የመጀመሪያው ቀዝቃዛ ትንፋሽ ነበር።

ከላይ ያለውን በረዶ ዘግና ግማሹን በሻርፑ፣ ግማሹን በጆንያው ቋጠረች። አንዱን ቋጠሮ ለቀያሹ ወረወረችለትና "ብብታቸው ሥር!" አለች። ሌላውን ራሷ የእትዬ አንገት ሥር አስገባች። ጭማቂውን ከፍታ በጥቂት በጥቂቱ ከንፈራቸው ላይ አፈሰሰች። "ቀስ ብለው፣ እትዬ። ጉንጭዎ ላይ ያቆዩት። እንደሱ። አንድ ደግሞ።"

ጋሼ በኮታቸው ጥላ ሆነው ቆሙ።

ብዙ ሳይቆይ የእትዬ ዓይን አተኮረ። መጀመሪያ ያዩት ልጃቸውን አይደለም፤ ከልጃቸው ትከሻ በስተኋላ አፉን የከፈተውን ሳጥን ነው።

"ክዳኑ" አሉ በደካማ ድምፅ። "ክዳኑን ዝጊው።"

በረዶ ዘወር ብላ አየችው። ኬኩ ያለበት ቆርቆሮ ላዩ ላይ ላብ አውጥቷል። በረዶው ጠርዝ ጠርዙ ላይ ማብረቅረቅ ጀምሯል። አንድ ርምጃ ነው የሚቀራት። ክንዷ ለመሄድ ተነስቶ ነበር። እንደተነሳ ቆመ።

"ክፍት ነው" አለ ቀያሹ ቀስ ብሎ። "ታወሪያለሽ።"

ያን ጊዜ ነው እሷም ያወቀችው። ክዳኑ ከተከፈተ ጀምሮ ስትናገር ነበር። ብብታቸው ሥር ስትል፣ ቀስ ብለው ስትል። አባቷ ከሞተ ወዲህ፣ አባቷ እያለም፣ እንዲህ ሆኖ አያውቅም።

"አዎ" አለች።

"ምን አዎ?"

"አዎ ነበር የምልህ ያን ቀን።" ክዳኑን ሳታይ ቀጠለች። "ጥያቄህን ሳትጨርስ በሆዴ አዎ ብዬሃለሁ። ሁለት ረድፍ በረዶ ነበር የቀረኝ። ሁለት ረድፍ ብትታገሠኝ ኖሮ! እኔም ብተወው፣ ዓሣው ገደል ቢገባ፣ ብዞር ኖሮ! አልዞርኩም። ከዚያ ጀምሮ ሳጥን በጫንኩ ቁጥር ከኋላዬ ቆመህ የምትጠይቀኝ ይመስለኛል። በዘጋሁ ቁጥር እዞራለሁ። የለህም።"

የእትዬ እጅ የልጃቸውን እጅጌ እንደያዘ ነበር። ውሃው ብቻ ከጀልባው ሆድ ሥር እየተጋፋ ያልፋል። ከሳጥኑ ውስጥ በረዶ ሲሰነጠቅ የሚያሰማው ቀጭን ድምፅ ይሰማል።

"ይቅርታ፣ እትዬ" አለች በረዶ፣ እንባዋ እየወረደ። "እሺ ብዬዎት ነበር። ቀኑን አላሳለፍኩልዎትም።"

እትዬ አዩዋት። ከዚያ ዓይናቸውን ጨፈኑ። "ሕፃኑ እያለቀሰ ነው" አሉ። "ለእናቱ ጭማቂ ስጧት። አንዴ ተከፍቷል።"

ሳጥኑ ከላይ ወደ ታች ተራገፈ፤ ጭማቂው፣ አይቡ፣ ኬኩ። ጋሼ ኬኩን በካፒቴኑ ቢላዋ ቆረሱ፤ የሽንኩርቱ ሾፌር ክሬም በጢሙ ላይ እንደያዘ "የማን ሠርግ ነው?" ብሎ ጠየቀ።

"እሱን ገና አላወቅነውም" አሉ ጋሼ።

ቀያሹ ድርሻውን አልነካም። "አሁንስ?" አላት፣ ለእሷ ብቻ በሚሰማ ድምፅ። "አሁን ብጠይቅሽስ?"

"አሁን አትጠይቀኝ። መጀመሪያ ያቺን ልጅ አናግራት። አባቷን ሳይሆን እሷን፤ ቆመህ፣ ፊቷን እያየህ። የምትልህንም እስከ መጨረሻው ስማት። ጥለሃት እንዳትሄድ።"

"ብትጮህብኝስ?"

"እስክትጨርስ ቁም።"

*

ደራሽ ውሃው ሲረግብ ትንሿ ጀልባ መለዋወጫውን ይዛ መጣች። ካፒቴኑ ከሞተሩ ጋር እየተሳደበ ቆየና አስነሳው። ገመዱ ተወጠረ። ማንም ደስ አላለውም፤ ቅድም መሀል ላይ የታገቱ ሰዎች አሁን የሚታገቱበት ዳር እየቀረበ ነበር። የድንኳኑ ሰዎች ፊት መለየት ጀመረ። ነጭ የለበሰችው ልጅ ጥላዋን አጥፋለች። ደክሟታል፤ ከዚህ ያስታውቃል።

እትዬ ፀጉራቸውን አስተካክለው፣ ሻርፓቸውን አጣፍተው፣ የወንድማቸውን ክንድ ይዘው ቆሙ።

ጀልባው ዳሩን ገጨ። መወጣጫው ወረደ። በረዶ የሳጥኑን ክዳን ዘጋች። ዓሣው ገና ከታች በረዶ ውስጥ ነው፤ የቀለጠው ውሃም ቀዝቃዛ ስለሆነ አላፈሰሰችውም፤ ሳጥኑ አሁንም ከባድ ነበር። አንዱን እጀታ ያዘች። እንደለመደችው ልትጎትት ወገቧን አጠፈች።

ሌላኛው እጀታ ተነሳ።

ቀያሹ ጎንበስ ብሎ ይዞታል። ከክዳኑ ሥር የሾለከ ውሃ እጅጌውን እስከ ክርኑ አረጠበው። ዳሩ ላይ ያሉት ሁሉ ያያሉ፤ ነጭ የለበሰችውም ታያለች።

"ሱፍህ..." አሉ እትዬ።

ሁለቱም ቆመው ጠበቁ። ካፒቴኑም፣ ጋሼም ጠበቁ። እትዬ አፋቸውን እንደከፈቱ ልጃቸውን አዩ፣ እሷን አዩ፣ በመሀላቸው የተንጠለጠለውን ሳጥን አዩ። የጀመሩትን አልጨረሱትም። ፊታቸውን ወደ ድንኳኑ አዙረው በወንድማቸው ክንድ ተደግፈው መውረድ ጀመሩ።

በረዶና ቀያሹም ከኋላቸው ተከተሉ፣ ርምጃቸውን እያስተካከሉ። ከፊታቸው የሚጠብቃቸው ቁጣ ነው፤ እንባም ይኖራል፣ የእሷ ያልሆነ እንባ፣ እሱም ልቧን ከብዶታል። ሳጥኑ ግን ለሁለት ሲይዙት ቀልሎ ነበር። ዕድሜዋን ሙሉ ሁለት እጇን ይዞባት የኖረ ሳጥን ዛሬ አንዱን ለቀቀላት። ባዶውን እጇን ከፈተችው፣ ጨበጠችው፣ መልሳ ከፈተችው። ምን እንደምታደርግበት አላወቀችም።